የጃቫ መንፈስ ያለበት ሆረር ፊልም፦ ልጆች ከማየታቸው በፊት (ካዩትም በኋላ) ምን እናድርግ

ባለፈው ክረምት የስምንት አመቱ ልጄ ድንገት ሽንት ቤት ብቻዬን አልገባም አለ። ጨለማ ፈርቶ መስሎኝ መብራቱን አበራሁለት፣ እምቢ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ ተውኩለት፣ አሁንም እምቢ፣ መጨረሻ ላይ በሩ ስር አቁሞኝ "ዝም እንዳትዪ፣ የሆነ ነገር እያወራሽ ቆዪ" ማለት ጀመረ። ሲጣራ ለካ የእህቴ ልጅ በስልኩ የኢንዶኔዥያ ሆረር አሳይቶት ኖሯል፣ ያውም ሙሉውን ፊልም አደለም፣ እነዚህ በአማርኛ እየተተረኩ በአስር በአስራ አምስት ደቂቃ የሚያልቁ አሉ አይደል፣ እሱን ነው። ምኑ ነው ያስፈራህ ስለው ዳንሰኛዋን ወይ እባቡን ይለኛል ብዬ ስጠብቅ "እውነተኛ ታሪክ ነው ብሏል እኮ ሰውየው" አለኝ።

ከዛ ፊልሙን ፈልጌ ራሴ አየሁት፣ ሁለት ጊዜ፣ አንዱን ትራስ አቅፌ፣ ሁለተኛውን ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ። ትልቋ ልጄ ደግሞ አስራ አራት አመቷ ነው፣ እሷ "ክላስ ውስጥ ያላየሁት እኔ ብቻ ነኝ" እያለች ስትነዘንዘኝ ነበር። ስለዚ ሁለት ስራ ነበረብኝ፣ አንዱን ካየው ነገር ማረጋጋት፣ ለአንዷ ደግሞ ላሳያት አላሳያት የሚለውን መወሰን። እንዴት እንዳደረኩት ልንገራችሁ። ታሪኩን እስከ መጨረሻው ስለማወራው ሳላየው መስማት አልፈልግም የምትሉ አይታችሁት ተመለሱ።

ፊልሙ "ካካኤን ዲ ዴሳ ፔናሪ" ይባላል፣ በፈረንጆች 2022 የወጣ ነው፣ ዳይሬክተሩ አዊ ሱርያዲ። ካካኤን ማለት የኢንዶኔዥያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ገጠር ሄደው ህብረተሰብ የሚያገለግሉበት ፕሮግራም ነው፣ ዴሳ ፔናሪ ደግሞ የዳንሰኞች መንደር ማለት ነው። አገራቸው ውስጥ ሲኒማ ገብቶ ያየው ሰው ከዘጠኝ ሚሊዮን በላይ ነው፣ እና ይሄን ያህል ሰው ያየውን ነገር ልጆቻችን አያገኙትም ብላችሁ አትዘናጉ። ታሪኩ ስድስት ተማሪዎች ጃቫ ደሴት ላይ ጫካ ውስጥ ያለ መንደር ይሄዳሉ፣ የመንደሩ ሹም እዚህ ቦታ እንዳታልፉ ይላቸዋል፣ ሁለቱ ያልፋሉ፣ በቦታው ላይ ያለችው ባዳራውሂ የምትባል ዳንሰኛ መንፈስ ትይዛቸዋለች፣ እና ሁለቱም ይሞታሉ። በቃ ይሄው ነው፣ ሲነገር ቀላል ነው፣ የሚያስፈራው አነጋገሩ ነው።

መጀመሪያ የምታረጋግጡት ነገር የትኛውን ቅጂ እንደያዛችሁ ነው። ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም። ኢንዶኔዥያ ውስጥ ፊልም የሚመረምር ኤልኤስኤፍ የሚባል የመንግስት ተቋም አለ፣ ፊልሞችን ለሁሉም፣ ከ13 በላይ፣ ከ17 በላይ እና ከ21 በላይ ብሎ ነው የሚከፍላቸው። ይሄ ፊልም ሲወጣ ሁለት ሆኖ ነው የወጣው፣ ተቆርጦ 13 የተባለ አለ፣ ሳይቆረጥ 17 የተባለ አለ። ስለዚ አንዱ ልጅ "13 ነው የሚለው እኮ" ሲላችሁ አልዋሸም፣ ግን እጁ ላይ ያለው የቴሌግራም ፋይል የትኛው እንደሆነ እሱም አያውቅም። የሚተረከው አጭር ቪዲዮ ላይማ ጭራሽ ቁጥር የሚባል ነገር የለም፣ ተራኪው ደግሞ የሚያስፈራውን ብቻ ለቅሞ ስለሚያገጣጥመው ሁለት ሰአት ላይ የተበተነውን ድንጋጤ አስር ደቂቃ ውስጥ ነው ልጁ ላይ የሚያወርደው። ፊልሙ ውስጥ እኮ ተማሪዎቹ የሚቀላለዱበት፣ የሚበሉበት፣ የሚተክዙበት ጊዜ አለ፣ ልጅ ትንፋሽ የሚሰበስበው እዛ ላይ ነው።

ቁጥሩ ግን ብቻውን አይበቃም። እኔ ወረቀቴ ላይ የጻፍኩት ይሄን ነው፦ የፍትወት ትእይንት አለ፣ አዩ የምትባለው ልጅና ቢማ የተባለው ልጅ ክልክል ቦታው ላይ፣ እሱን ከማንም ልጅ ጋ ቁጭ ብዬ አላይም። እባብ ብዙ አለ። መንፈስ የያዛት ልጅ በሌሊት ተነስታ ትደንሳለች። አንድ ቦታ ላይ ሁለቱ ተማሪዎች ጫካ ውስጥ ድግስ ያገኙና ተቋጥሮ የተሰጣቸው ምግብ ኋላ ሲፈታ የዝንጀሮ ጭንቅላት ሆኖ ይገኛል (ልጄ ለሳምንት ምሳ እቃውን ሳይከፍት እያየኝ ነበር፣ ምክንያቱ ይሄ መሆኑ ኋላ ነው የገባኝ)። ሬሳ አለ፣ የታመመ ሰው አለ። ደም ግን እንደ አሜሪካኖቹ አይረጭም፣ ለዛ ነው አንዳንድ ወላጅ ገና ሲያየው "ይሄማ ቀላል ነው" ብሎ የሚያልፈው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የአሜሪካ ጭራቅ ሲያዩ ልጆቻችን "የፈረንጅ ነው" ብለው ይገላገሉታል። የጃቫው ግን አይሆንላቸውም፣ ምክንያቱም ቤት ውስጥ ከሚሰሙት ጋ አንድ ነው። ጃቫዎች አብዛኞቹ ሙስሊም ናቸው፣ ግን ከእስልምናው በፊት ከነበረው ከሂንዱውም ከቡድሃውም ከአያት ቅድመ አያት እምነትም የተቀላቀለ ከጀዌን የሚሉት የቆየ መንገድ አላቸው። እዛ ውስጥ ድሃንያንግ የሚባል አለ፣ አንድን መንደር ወይ ዛፍ ወይ ምንጭ የሚጠብቅ መንፈስ፣ እኛ አድባር የምንለው ማለት ነው በቃ። ሰሳጄን አለ፣ ለሱ የሚቀርብ አበባ፣ ምግብ፣ የሚጤስ ነገር። ዱኩን አለ፣ አንዳንዱ መድሃኒት አዋቂ ነው አንዳንዱ ጠንቋይ። ሳንተት አለ፣ መተት ማለት ነው፣ ከሩቅ ሰው ላይ የሚላክ። ልጆቹን አዩ ለቢማ ስትል የምትቀበለው አረንጓዴ ሻርፕ ምንድነው ብላችሁ ብትጠይቋቸው መስተፋቅር ይሏችኋል፣ እኔ ሳልነግራት ልጄ ራሷ ናት እንደዛ ያለችው።

ስለዚ እናቴ ሳሎን ቁጭ ብላ "አድባር ያለበት ዛፍ ስር አይሸናም" ያለችውን የሰማ ልጅ፣ ያንን ፊልም ሲያይ ፊልም አደለም የሚያየው፣ አያቱ ልክ እንደነበረች ማስረጃ ነው የሚያየው። እና ከማሳየታችሁ በፊት ራሳችሁን ጠይቁ፣ እኛ ቤት ስለዛር ስለቡዳ ስለመተት ምን ይወራል፣ ልጁ ሲሰማ ነው ሳይሰማ? የቤተሰብ ሰው ታሞ "ተደርጎበት ነው" የተባለበት ቤት ከሆነ በቅርቡ፣ አታሳዩ። ይሄ ከእድሜው በላይ ይወስናል ባይ ነኝ። ሌላው አታሳዩ የምለው በቅርብ ጊዜ ለቅሶ የገጠመውን ልጅ ነው፣ ምክንያቱን መዘርዘር አያስፈልገኝም።

በሃይማኖት ምክንያት እንዲህ አይነት ፊልም ቤታችን አይገባም የምትሉ አላችሁ፣ የቤቱ ውሳኔ ነው፣ ማንም አይጠይቃችሁም። አንድ ነገር ብቻ ልለምን፣ ስትከለክሉ "ካየኸው መንፈሱ ይገባብሃል" አትበሉት። ልጁ እኮ ጓደኛው ቤት አንድ ቀን ያየዋል፣ ካየው በኋላ ደግሞ ገብቶብኛል ብሎ ሌሊት ሲብሰለሰል ለናንተ እንኳን መናገር ይፈራል። "እኛ ቤት አይታይም፣ ለእድሜህም አደለም" በቂ ነው።

ለማሳየት ከወሰናችሁ (እኔ ለአስራ አራት አመቷ የተቆረጠውን አሳየኋት፣ ከ13 በታች ላለ ግን አላሳይም፣ ጎበዝ ነው አይፈራም ቢሉኝም) አካሄዱ እንዲህ ነው። ቀን ላይ ይሁን፣ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ አሪፍ ነው፣ ካለቀ በኋላ ፀሀይ እንድትቀርላችሁ፣ ወጥታችሁ ሱቅ እንድትሄዱ፣ ከሰው እንድታወሩ። መጋረጃ አትዝጉ። ሪሞቱ እናንተ እጅ ይሁን። ድምጹን ቀንሱት፣ ይሄ በጣም ነው የሚሰራው፣ የሆረር ግማሹ ድምጽ ነው፣ እዚህ ፊልም ላይ ደግሞ ጋመላን የሚባለው የነሀስ መሳሪያቸው ከሩቅ ሲመጣ ነው ሰውነት የሚወረው። ልጄ ስትጨነቅ ድምጹን ድርግም አድርጌ አጠፋሁት፣ ምስሉ ብቻ ሲቀር ሳቀች፣ "ሴትየዋ እኮ እየደነሰች ብቻ ነው" አለች። ከዛ መልሰን በድምጽ አየነው፣ እንዴት እንደሚሰራ ገባት። በነገራችን ላይ ጋመላን ራሱ ዩኔስኮ በ2021 የመዘገበው ቅርስ ነው፣ በሰርግም በቲያትርም ይመታል፣ ያለፊልሙ አንድ ቀን አሰሟቸው፣ አለዚያ የአንድ ህዝብ ሙዚቃ ሲሰሙ ጋኔን ብቻ ትዝ የሚላቸው ልጆች ነው የምናሳድገው።

የፍትወት ትእይንቱ ላይ ስትደርሱ አሳልፉት፣ እና ለምን እንዳሳለፋችሁት ንገሯት፣ ዝም ብሎ መዝለል ልጅቷን ማታ ብቻዋን ፈልጋ እንድታየው ማድረግ ነው። እኔ "ይሄ የፍቅር ትእይንት ነው፣ አብረን ማየት ደስ አይለኝም፣ የተፈጠረው ነገር ግን ይሄ ነው" ብዬ በሁለት አረፍተ ነገር ነገርኳት። አፈርን፣ አለፈ።

ካለቀ በኋላ የሚወራው ነገር ነው ጥሩው። ከልጄ ጋ ረጅም ሰአት ያከራከረን አዩ ናት። ቢማ የወደደው ሌላዋን ነው፣ ዊድያን፣ አዩ ደግሞ ቢማን ወደደች፣ ሻርፑን የተቀበለችው ለሱ ብላ ነው፣ እሱም ለዊድያ ብሎ ሌላ እቃ ተቀብሏል። ሁለቱም ያልወደዳቸውን ሰው በግድ ሊያስወድዱ ነው የገቡበት። ልጄ "ታዲያ ሞት ይገባቸዋል ወይ" አለች። እኔ አይገባቸውም አልኩ፣ እሷ "መንፈሷ ፍርድ ቤት አደለችም እኮ" አለችኝ፣ መልስ አጣሁ። ሌላው ኑር ናት፣ ሂጃብ የምትለብሰው፣ የምትጸልየው፣ መጀመሪያ ነገሩን ያየችው እሷ ናት፣ እና መጥፎ ነገር እያየች ለብዙ ጊዜ ለጓደኞቿ አትናገርም። እዚህ ላይ ቆም በሉ። ልጆቻችሁን "አንቺ ብትሆኚ ለማን ትናገሪ ነበር" ብላችሁ ጠይቁ፣ ስለ መንፈስ ሳይሆን ስለምንም ነገር። እኔ ከዛ ጥያቄ ስለ ትምህርት ቤቷ ያላወቅኩትን ሁለት ነገር ሰምቻለሁ።

አሁን የትንሹ። ቀድሞ ካየ፣ መጀመሪያ የአክስቱን ልጅ አትግረፉልኝ፣ ሁለተኛ "አይ አንተ ወንድ አደለህ እንዴ" አትበሉት። ከሰባት ስምንት አመት በታች ያለ ልጅ የሚያስፈራው በአይኑ ያየው ነገር ነው፣ ፊት ሲለወጥ፣ ሴትዮ እባብ ስትሆን፣ ለሱ "ፊልም ነው እኮ" ማለት ብዙ አይሰራም፣ እቅፍ፣ መብራት፣ ውሃ፣ አብሮ መተኛት ይሻላል። ከፍ ያለው ልጅ ደግሞ የሚያስፈራው ሊሆን የሚችል ነገር ነው፣ እሱን ማብራሪያ ያረጋጋዋል። የኔ ልጅ መሀል ላይ ነው፣ ስለዚ መጀመሪያ አቀፍኩት፣ ቀን ላይ ደግሞ አስረዳሁት፣ ማታ አልጋ ላይ ስለሱ አላወራሁም። ማታ ማስረዳት እንደገና ማሳየት ነው።

ያስረዳሁት "እውነት ነው" የምትለዋን ብቻ ነው፣ ሌላውን አልነካሁትም። በወረቀት ላይ እየሳልኩ፦ በ2019 ሲምፕልማን የሚል ስም ያወጣ ሰው ትዊተር ላይ ታሪኩን ጻፈ፣ አንዴ በዊድያ በኩል አንዴ በኑር በኩል፣ እውነተኛ ነው አለ፣ የሰዎቹንም የቦታውንም ስም ግን ቀየረው ደበቀው። ሰዉ አካፈለው፣ መጽሀፍ ሆነ፣ ከዛ ፊልም ሰሪዎች መጡ። ሰዉ ምስራቅ ጃቫ ውስጥ እዚህ ነው እዛ ነው እያለ ቦታ ሲገምት፣ ፊልም ሰሪዎቹ የራሳቸውን መንደር ዮግያካርታ አካባቢ ጉኑንግኪዱል ሄደው መረጡ፣ ካሜራ ተከሉ፣ ምሳ የሚያመላልስ ሰው ቀጠሩ። "ምሳ?" አለኝ። አዎ፣ ባዳራውሂም ምሳ ትበላለች፣ ስሟ አውሊያ ሳራ ነው፣ ተዋናይ ናት። ቃለመጠይቅ እየሰጠች የምትስቅበትን ቪዲዮ ፈልጌ አሳየሁት፣ ቋንቋውን አንሰማውም ግን ሳቋን ሰማ። ያንን ሶስት አራት ጊዜ ነው ያስደገመኝ፣ ከማብራሪያዬ ሁሉ የሰራው እሱ ይመስለኛል።

እሱን ሁሉ ለእህቴ ሳወራላት (ፊልሙን ያሳየው ልጅ እናት ናት) ሳቀችብኝ። እሷ ጅዳ ሰባት አመት ስትሰራ አንድ ቤት ውስጥ ከጃቫ የመጣች ልጅ አብራት ነበረች፣ ማታ ማታ ወጥ ቤት ቁጭ ብለው የየአገራቸውን መንፈስ ይነጋገሩ ነበር፣ "አንዱም አልከበደኝም" ትላለች፣ "ያንኑ የእናታችንን ወሬ ነው በሌላ ቋንቋ።" ያቺ ልጅ የነገረቻትን አንዱን ለልጄ አሳልፌ ነግሬዋለሁ፣ ወወ ጎምበል የምትባል መንፈስ አለች፣ ጀምበር ስትጠልቅ ውጭ የቀረ ልጅ ትወስዳለች፣ ግን የምትወስደው ወላጆቹ ችላ ያሉትን ልጅ ነው፣ አትጎዳውም፣ ትንከባከበዋለች፣ ወላጆቹ ተጸጽተው ሲፈልጉት ትመልሰዋለች። እኛ አያ ጅቦ ይበላሃል ብለን ልጁን እናስፈራራለን፣ እነሱ ወላጁንም ጨምረው። ልጆቻችሁን ከጃቫ ተረት ጋ ማስተዋወቅ ከፈለጋችሁ ከሷ ጀምሩ፣ ከፊልሙ አትጀምሩ። ሌላም አለ፣ ለልጅ የሚሆን፣ ከሰባቱ ቀን ጎን ለጎን የሚሄድ የአምስት ቀን ሳምንት አላቸው፣ ሌጊ፣ ፓሂንግ፣ ፖን፣ ዋጌ፣ ክሊዎን፣ ሁለቱ በ35 ቀን አንዴ ይገጥማሉ፣ አርብና ክሊዎን የገጠሙበት ሌሊት መንፈስ ይወጣበታል ይባላል። ቀኑ ደግሞ ጀምበር ስትጠልቅ ስለሚጀምር ሌሊቱ የሀሙስ ማታ ነው፣ እኛ ዋዜማ እንደምንለው። ልጄ ሂሳብ ስለሚወድ የልደቱን ቀን ሲያሰላ ዋለ፣ ፍርሃቱን ትቶት።

አንድ ፊልም ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ አልጎሪዝሙ አንዱን ካያችሁ ሌላውን ይደረድርላችኋል። "ባዳራውሂ ዲ ዴሳ ፔናሪ" የ2024 ነው፣ የዚችኑ ዳንሰኛ የቀድሞ ታሪክ ነው፣ አሜሪካ ያላችሁ "ዳንሲንግ ቪሌጅ" በሚል ስም ነው የምታገኙት፣ ስሙ ሲታይ የዳንስ ፊልም ይመስላል፣ ተጠንቀቁ። "ኢምፔቲጎር" የሚባለው የጆኮ አንዋር የ2019 ፊልም ደግሞ በፊልም ደረጃ ከሁሉም ይበልጣል፣ ኢንዶኔዥያ ለኦስካር የላከችው ነው፣ የጃቫን የጥላ አሻንጉሊት ቲያትር ነው የያዘው። ግን እዛ ውስጥ የሚጎዱት ህጻናት ናቸው፣ ጨቅላዎች፣ እኔ ራሴ መሀል ላይ አቋርጬዋለሁ። ለልጅ በየትኛውም እድሜ አይሆንም፣ እርጉዝም ከሆናችሁ ይቅርባችሁ።

የእህቴ ልጅ ይቅርታ ጠይቋል፣ ስልኩም ላይ አሁን ቁልፍ አለ። ልጄ ሽንት ቤት ብቻውን ይገባል፣ በሩን ግን አይዘጋም፣ እና አንዳንዴ ከውስጥ "እማ፣ ዛሬ ክሊዎን ነው?" ይለኛል፣ አደለም ካልኩት ይቀመጣል፣ ነው ካልኩት መጥቼ አወራለታለሁ።